ከ30 ዓመት በኋላ ተማሪ፦ የሐይቁ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ

በ13ኛው ክፍለ ዘመን 30 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት ወጣት አልነበረም። የገበሬ ልጅ በዚያ ዕድሜው ጎጆ ወጥቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ የራሱን ጥማድ በሬ ይዞ፣ ከሽማግሌዎች ጥግ መቀመጥ የጀመረ ጎልማሳ ነው። አሁን ገና ትምህርት ልጀምር ነው ቢል ሰፈሩ ይስቅበታል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ግን ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ዳህና ከሚባለው አገራቸው ተነሥተው ተማሪ ለመሆን ትግራይ ድረስ የሄዱት ልክ በዚህ ዕድሜ ነው።

ስማቸውን የሰማችሁት ብዙ ናችሁ። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የት እንዳለ የማይነግረው የለም። በቲክቶክ የታሪክ ገጾች ላይም ስማቸው አይጠፋም። ብቻ እዚያ የሚነሡት ሁሌም ከአንድ ነገር ጋር ነው፤ ይኩኖ አምላክን አስተምረው ለዙፋን አበቁ ከሚለው ትረካ ጋር። እኔን ደግሞ እውነቱን ለመናገር የንጉሡ ጉዳይ ብዙም አልሳበኝም። የሳበኝ የተማሪው ዕድሜ ነው።

ለምን መሰላችሁ? በትምህርት ሚኒስቴር የጎልማሶች ትምህርት ዕቅድና ስታቲስቲክስ ውስጥ ጎልማሳ ተብሎ የሚቆጠረው ከ15 እስከ 60 ዓመት ያለ ሰው ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ አጠናቀቀ የሚባለው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ታዲያ 61 ዓመት የሞላቸው የሀብሩ እናት ምን ሊባሉ ነው? በመንደራቸው እንኳ ምሽት ላይ የፊደል ትምህርት ቢጀመር እሳቸው ቢመጡም ቢቀሩም ቁጥሩ ላይ ለውጥ የለውም። የማይቆጠር ሰው ደግሞ በጀት የለውም። ይቺን ነገር ኢኮኖሚክስ ስማር ነው በደንብ የገባችኝ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ደብረ ዳሞ ዛሬም እንደ ድሮው በገመድ ነው የሚወጣው። አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ገዳም ነው፤ ገደል ላይ የተቀመጠ አምባ ነው፣ ከታች ቆማችሁ ስታዩት መንገድ ያለው አይመስልም። ገመዱን ይዞ፣ እግሩን ከድንጋዩ ላይ አሳርፎ ያልተጎተተ አይገባም። ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ሲደርሱ የተቀበሏቸው አባ ዮሐኒ ነበሩ። በጊዜው የገዳሙ አበምኔት ናቸው።

እንደ ገዳም ሥርዓት አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው መጽሐፍ ሳይሆን ሥራ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ ሽማግሌ መነኮሳትን ይረዳል። ትምህርቱ የሚገባው በዚህ መሀል ነው። የገጠር ሰው ይህን ሲሰማ ግራ አይገባውም፤ ሥራ ትቶ መማር የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለማ። ሞፈሩን አስቀምጦ ለአንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀመጥ ብትሉት ቤተሰቡ ይራባል። ዳሞ ላይ ሥራውና ትምህርቱ በአንድ ቀን ውስጥ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ጎልማሳው ኢየሱስ ሞዓም የዘለቁት በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ነገር የቤተ ክህነት ትምህርት ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያለ አለመቁጠሩ ነው። ዛሬ የምናውቀው መልኩ የተደራጀው ከእሳቸው ዘመን በኋላ ባሉት ክፍለ ዘመናት ቢሆንም መንፈሱ ያው ነው። ፊደል አለ፣ ንባብ አለ፣ ዳዊት አለ፣ ከዚያ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው ይቀጥላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ያዝክ ወይስ አልያዝክም የሚለው ብቻ ነው። ዕድሜህን የሚጠይቅ የለም። አንድ የ40 ዓመት ሰው የ10 ዓመት ልጅ ቀድሞት ከሆነ፣ ልጁ ያስቀጽለዋል። ልጁ እያለ ሰውየው ይከተላል። ውርደት አይደለም፣ ወግ ነው።

ሦስተኛው በድምፅ መማሩ ነው። እስቲ ስለ ዓይን ላውራችሁ፤ ከርዕሳችን የወጣሁ ሊመስላችሁ ይችላል ግን አልወጣሁም። ሰው 40 ዓመትን ሲሻገር የቅርብ ነገር ማየት እየከበደው ይሄዳል። በሽታ አይደለም፣ የዓይን መስተዋት በዕድሜ መጠንከር ነው፤ ማንንም አይምርም። እናታችሁ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ክንዷን ዘርግታ ስትታገል አይታችሁ የለ? እሱ ነው። ጎልማሳ ክፍል ውስጥ ገብቶ ደብተሩ ላይ ያለው ፊደል ሲደበዝዝበት ሰውየው ዓይኔ ነው አይልም፤ ጭንቅላቴ ደርቋል፣ ጊዜዬ አልፏል ብሎ ነው የሚወጣው። ትምህርቱን ያቋረጠ ተብሎ ይመዘገባል። የጎደለው ግን አንድ የንባብ መነጽር ነበር። በኢየሱስ ሞዓ ዘመን መነጽር በአገራችን አልነበረም፤ ያዳነው የቃል ትምህርት ነው። ንባቡም ጸሎቱም ዜማውም በጆሮ ይገባል፣ በአፍ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ዓይን የሚከተለው። በአገራችን ዓይነ ስውር ሆነው ታላላቅ የቅኔ መምህራን የወጡት እኮ በዚሁ መንገድ ነው።

ኢየሱስ ሞዓ ዳሞ ላይ ለዓመታት ቆዩ፣ መነኮሱ። ገድላቸው ጽሕፈትም እንደተማሩ ይነግረናል። ይህ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። የፍየል ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ብራና ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይቀመማል፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፣ ብዕሩ መቃ ነው። አንድ ወንጌል ለመጻፍ የመንጋ ያህል ፍየል ያስፈልጋል። ቁም ጸሐፊ መሆን ማለት በአንድ ጊዜ ቆዳ ፋቂ፣ ቀለም በጥባጭና አንባቢ መሆን ነው። ይህን ሁሉ ከ30 ዓመት በኋላ መጀመር እንግዲህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ገምቱት።

የኢኮኖሚክስ መምህር ቢያገኟቸው ኖሮ ምን ይሏቸው ነበር? ጋሪ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሰው ካፒታል ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ የተስፋፋ አንድ ስሌት አለ። ትምህርት እንደ ፋብሪካ መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ወጪ ታወጣለህ፣ ከዚያ በቀሪ የሥራ ዘመንህ ትመልሰዋለህ። ቀሪው ዘመን ካጠረ መመለሻው ያጥራል። ስለዚህ ልጆችን አስተምር፣ ሽማግሌን ተው። የተማርነው እንዲህ ነው፣ በፈተናም እንዲህ ብለን መልሰናል።

ስሌቱ በራሱ ውሸት የለውም። የሚሳሳተው ጥቅሙን በደመወዝ ብቻ ስንለካው ነው። መርሳ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ የ65 ዓመት እናት ፊደል ቢያውቁ ደመወዝ አይጨመርላቸውም፣ እውነት ነው። ግን የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ራሳቸው ያነባሉ። ጉልበት ስላነሳቸው መሬታቸውን ሲያከራዩ ውሉ ላይ ሁለት ዓመት ይሁን አምስት ዓመት የተጻፈውን ሳያውቁ አውራ ጣታቸውን አያሳርፉም። ለገጠር አዛውንት፣ በተለይ ባሏ ለሞተባት ሴት፣ መሬቱ ጡረታዋ ነው። አንድ ያልተነበበ ወረቀት የአምስት ዓመት ጡረታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የዚህ ትምህርት መመለሻ 20 ዓመት አይጠብቅም፤ በአንድ ሳምንት ይመለሳል።

ሌላም ልጨምር፤ ይቺ እናንተን ትነካለች። በሰፈራችን አዛውንት የሞባይል ገንዘብ መልእክት ሲደርሳቸው የሚያነብላቸው ልጅ ይጠራሉ። ልጁ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ ገንዘቡን ላውጣልዎት ይላል፣ ከዚያ የምስጢር ቁጥሩን ይነግሩታል። ምስጢሩ በዚያው አበቃ። ያ ልጅ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ፣ እኔም ነበርኩ። ልጁ ደግ ከሆነ አብሽሩ፣ ችግር የለም። ካልሆነስ?

ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1248 አካባቢ ነው ወደ ሐይቅ የመጡት። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከእሳቸው በፊት ከረጅም ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ያኔ ቦታው በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እሳቸው ያመጡት ትምህርት ቤቱን ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ከዚያ በፊት ከአማራ ወይም ከሸዋ ምንኩስናን ከምንጩ መማር የፈለገ ሰው እሳቸው እንደሄዱት ትግራይ ድረስ መሄድ ነበረበት። ተራራ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ስንቅ ተሸክሞ፣ በመጨረሻም ገመድ ይዞ። ወጣት ይህን ይችላል። ጉልበቱ የደከመ፣ ከብትና ቤተሰብ ያለው ሰው ግን አይሞክረውም። ኢየሱስ ሞዓ ያንን መንገድ በራሳቸው እግር ያውቁታል። ከዚያ የተማሩትን ይዘው ወሎ መሀል ሲቀመጡ ያደረጉት ነገር ሲጠቃለል ርቀቱን ማሳጠር ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰው ወደ ሐይቅ መጉረፍ ጀመረ።

የመጡትም ልጆች ብቻ አልነበሩም። ከሁሉ የሚታወቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው ተክለ ሃይማኖት ወደ ሐይቅ ሲመጡ ካህን የሆኑ፣ በሸዋና በዳሞት ያስተማሩ፣ ስማቸው የታወቀ ጎልማሳ ነበሩ። ያ ሁሉ እያላቸው ተመልሰው ተማሪ ሆኑ። በመጀመሪያ በአማራ ምድር ከአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ አስር ዓመት ያህል፣ ከዚያ ሐይቅ ከኢየሱስ ሞዓ ዘንድ እንዲሁ አስር ዓመት ገደማ፣ ከዚያም ራሱ ደብረ ዳሞ። ቁጥሩን ቃል በቃል መውሰድ የለብንም፤ ገድል የሚጽፍ ሰው አስርን ይወዳል። ቢሆንም ሥዕሉ ግልጽ ነው፤ መምህር ሆኖ ሳለ ግማሽ ዕድሜውን በተማሪነት የሚያሳልፍ ሰው። በጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ የሚታወቁት ሂሩተ አምላክም ከሐይቅ የወጡ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ማን የማን አባት ነው በሚለው የኋለኞቹ ገዳማት ብዙ ተከራክረዋል፤ እሱን ለእነሱ እንተወው። እኔ የማየው መረቡን ነው። የተማረው ሄዶ ሌላ ቦታ ይተክላል፣ ርቀቱ እንደገና ያጥራል።

የይኩኖ አምላክን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን የያዘው ይህ ንጉሥ በሐይቅ ትውፊት የገዳሙ ተማሪ ነበር፤ ገዳሙም ከእሱ ዘመን ጀምሮ ትልቅ ክብር አገኘ፣ የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ተሰሚ ሆነ። ዝርዝሩን በየቲክቶኩ ታገኙታላችሁ።

ያልተመቸኝንም ልናገር። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ደብረ ዳሞም እንዲሁ፤ ሴት አትገባም። ስለዚህ የኢየሱስ ሞዓ ዕድሜ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ለገጠሯ እናት በሩ አልተከፈተም። ለማይመነኩስ አራሽ ገበሬም ቢሆን የደረሰው በቅዳሴና በስብከት፣ በጆሮ ብቻ ነው። የንግሥና ታሪክ የሚጽፉልን ሰዎች ይህን አያነሡትም፤ እኔ ግን የዛሬውን የጎልማሶች ትምህርት የሚሹት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ መዝለል አልቻልኩም።

ዕድሜ አለመጠየቅ ግን የገዳም ብቻ ወግ አይደለም። በየጁ ምድር ዳና ለእስልምና ትምህርት ስሟ የገነነ ቦታ ናት። እዚያም ደረሳ ለመሆን መመዘኛው ዕድሜ አልነበረም። ጢሙን ያወጣ ሰው ከልጅ ጎን ተቀምጦ ይቀራል። ከሼኩ ፊት መቀመጥ ያልቻለው ገበሬ ደግሞ በመንዙማ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በዜማ ይማራል። መንዙማ ቤት ሴቶችም ይሰማሉ። ክርስቲያኑ የቆሎ ተማሪም ሆነ ሙስሊሙ ደረሳ የሚበላው የመንደሩ ሰው ከጓዳው የሚሰጠውን ነው። አስቡት እስቲ፤ የወሎ ገበሬ ለዘመናት የሰው ትምህርት ሲከፍል ኖሯል፣ የሚማረው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ሳይጠይቅ።

መንግሥትም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ ያውቃል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቶችንና አባቶችን በየመንደሩ ሰብስቦ ፊደል አስቆጥሯል፤ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ሸልሞታል። ያኔ በ20ዎቹ ዕድሜ የነበሩ ሰዎች ዛሬ 70 ገብተዋል ወይም ተጠግተዋል። ቤታችሁ ካሉ ጠይቋቸው። አንዳንዶቹ የምስክር ወረቀቱ አላቸው፣ ፊደሉ ግን የለም። ከዘመቻው በኋላ የሚነበብ ነገር በእጃቸው አልገባም፤ ያልተነበበ ፊደል ደግሞ እንደ ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። ሐይቅ ላይ እንዲህ አይሆንም ነበር፤ የተማረ ሰው የተማረውን በየዕለቱ ጸሎት ላይ ይደግመዋላ።

አሁን አንድ ሰው ይነሣና፣ በ2014ቱ ጦርነት የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ምን እንደደረሰባቸው እያወቅክ፣ ልጆች ወንበር ሳይኖራቸው ስለ አያቶች ታወራለህ ወይ ቢለኝ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጀቱ አንድ ከሆነ ልጆቹ ይቅደሙ፣ እኔም እስማማለሁ። ግን ለአዛውንት የሚያስፈልገው ሌላ ሕንፃ አይደለም። ማሽላው ተሰብስቦ እጅ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ሁለት ምሽት፣ የንባብ መነጽር፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የእነሱው ነገር፣ ማለትም የኪራይ ውል፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ። የሚያስቀጽላቸው ልጅ ደግሞ በየቤቱ አለ፤ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እዚሁ ሀብሩ ውስጥ የሲሪንካ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ መርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ። አዲስ ዘር ሲመጣ በማሳ ላይ ቆሞ አይቶ፣ ዳሶ፣ ጠይቆ የሚማረው ገበሬ ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ሞልቷል። ማሳ ላይ የማይከለክለው ዕድሜ ፊደል ላይ ለምን እንደሚከለክለው አይገባኝም።

ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ላይ መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ አስጻፉ። ከእነዚህ አንዱ በሥዕል ያጌጠ አራቱ ወንጌል ነው። የተጻፈበት ዘመን ከታወቀላቸው ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ አለ። ሊቃውንት የሚገምቱት የልደት ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ከ1211 እስከ 1214 ያለው ነው። መጽሐፉን ለገዳሙ ያስጻፉት እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ነው። ልዩነቱን በስልካችሁ አስሉት፤ 70 ዓመት ሊሆናቸው ጥቂት ቢቀራቸው ነው፣ ወይ ገና ሞልቷቸዋል። በዛሬው ሰንጠረዥ ከጎልማሳነት ከወጡ ወደ አስር ዓመት ይጠጋቸዋል።

ከዚያም በኋላ ከአስር ዓመት በላይ ኖሩ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1292 ህዳር 26 ቀን ነው፤ በዓላቸው ዛሬም በዚሁ ቀን ይከበራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የደሴቲቱ ሀብት ሲዘረፍ ወንጌሉ ተርፏል። አሁንም ሐይቅ እስጢፋኖስ ውስጥ ነው ያለው፣ ከመርሳ በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ መንገድ።